ባለጓንቱ ወደ ባለሪባኗ

ጉሙ ቬኒስን ከማለዳ ጀምሮ ይዟት ዋለ። በአምስት ሰዓት ይደርሳል የተባለው ሣጥን ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ የለም። ኒቬስ ባልዳን ሽርጧን እንደታጠቀች በሙዚየሙ የውሃ በር ደረጃ ላይ ቆማ፣ ምንም የማይታይበትን ቦይ ታያለች። እጇ ቀዝቅዟል። ልቧ ግን አልቀዘቀዘም፤ ችግሩም እሱ ነበር።

«አሁን ማን ይሙት፣ የምትጠብቂው ሥዕሉን ነው?» አለቻት ሲኞራ ዴልፊና። ዴልፊና የሙዚየሙ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ የማታውቀው የሰው ጉዳይ የለም።

«ሥዕሉን ነው።»

«ሥዕሉማ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል! እኔ የምልሽ ያንን ባለ እግሩን ነው።»

ኒቬስ ፊቷን ወደ ቦዩ መለሰች። ለዴልፊና መልስ መስጠት ለከተማው ሁሉ መልስ መስጠት ነው።

ነገሩን ዛሬ ለያዘ አንባቢ ባጭሩ ይኸው። ዛኔቶ ሞራቲን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ነበር። በሕይወቱ ዘመን የሰው ፊት ሲቀባ ኖረ፤ ከሞተ በኋላ ፊቶቹ ተበታትነው በየአገሩ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ቀሩ። የተረፉት አሥራ አንድ ናቸው። አንዷ ባለሪባኗ ሙሽራ ናት፤ ኒቬስ የሥዕል ጠጋኝ ሆና በምትሠራበት በዚህ ትንሽ የቬኒስ ሙዚየም ውስጥ ትኖራለች። ሌላው ባለጓንቱ ሙሽራ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤርጋሞ ከተማ ነው ያለው። ኮንቴ የሚባሉት የአልቤንጊ ቤት መኳንንት «ቅድመ አያታችን ነው» ብለው ለከተማቸው ሙዚየም ሰጥተውታል። እነዚህ ሁለቱ ጥንድ አይደሉም ሲሉ ሊቃውንቱ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ምክንያት አላቸው። በጥንቱ ልማድ የባልና ሚስት ሥዕል ሲሰቀል ከፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ባል በግራ፣ ሚስት በቀኝ ነው፤ ግራው የክብር ቦታ ነው። ሁለቱን እንደዚያ ሲሰቅሏቸው ጀርባቸውን ተሰጣጥተው የተኳረፉ ይመስላሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኒቬስ ባለጓንቱን ልትጠግን ቤርጋሞ ሄደች። ፍሬሙን ስትፈታው ከሸራው ግራ ጠርዝ ሁለት ጣት የሚያህል ወደ ኋላ ታጥፎ በምስማር ተመትቶ አገኘችው። ቀስ ብላ ዘረጋችው። የታጠፈው ላይ የቀይ ሪባን ጫፍ ነበረበት፤ ሙሽራዋ ቬኒስ ሆና በእጇ የያዘችው፣ ከሸራዋ ቀኝ ጠርዝ የሚወጣው ያው ሪባን። ሴትየዋ በግራ፣ በክብሩ ቦታ፣ ሰውዬው በቀኝ ቢሆኑ ሪባኑ ይቀጥላል፤ እነሱም ይተያያሉ። የሙሽራዋ ቤት ከሙሽራው ቤት ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ አጠገቧ የቆመው የቤርጋሞ ሙዚየም የሥዕል ክፍል ኃላፊ ኦታቪዮ አልቤንጊ ነበር፤ የኮንቴሳ ኤርሚኒያ አንድ ልጅ። ሪባኑን ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ። የጀልባ ነጂው ልጅ ኒቬስ ያን የቀላ ጆሮ አየችና፣ አለቀላት።

ከዚያ ወዲህ አርባ ሦስት ደብዳቤ ጽፎላታል። ኦታቪዮ ሲጽፍ ወንዝ ነው፤ ሲናገር ግን ይደርቃል። ደብዳቤዎቹ ደግሞ ሁሉም በሞራቲን ነው የሚጀምሩት፤ ሦስት ገጽ ስለ ቨርኒሽ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ስለ እሷ። ከሦስት ሳምንት በፊት ኒቬስ ሰለቻት። «ስለ ቨርኒሽ የምታውቀውን ሁሉ አሁን እኔም አውቃለሁ። ስለ እኔ የምትለው ካለህ በለኝ» ብላ ጻፈችለት። መልስ አልመጣም። በመልሱ ፈንታ የመጣው የዴልፊና ወሬ ነበር። ቤርጋሞ ያገባችው እህቷ እንዳለቻት ከሆነ ኮንቴሳዋ ለልጇ የአንድ የብሬሻ ከተማ ጠበቃ ልጅ አግኝታለች፤ የአያትየዋ ቀለበትም ከካዝና ወጥቶ ወርቅ ሠሪ ቤት ታይቷል። በዚያው ሰሞን ማድሪድ ያለ አንድ የሥዕል ጥገና ቤት ኒቬስን ለሦስት ዓመት ፈለጋት። መልሷን አርብ በስድስት ሰዓት በስልክ መስጠት አለባት። አርብ ነገ ነው። እሺ ልትል ወስናለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡሩንባ ተሰማ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የአባቷ የኦሬስቴ ኮፍያ፣ ቀጥሎ የጭነት ጀልባው አፍንጫ ብቅ አለ። ጀልባው መሃል ባለጓንቱን የያዘው ሰፊ ሣጥን ቆሟል። ከሣጥኑ በዚህ በኩል አንዲት ፀጉራም ካፖርት የለበሱ አሮጊት ተገልብጦ በተደፋ ባልዲ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከወዲያ በኩል ኦታቪዮ ሣጥኑን አቅፎ ቆሟል።

«አባዬ፣ አራት ሰዓት ሙሉ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ጉሙን ልግፋው? ድልድዩን እንኳ ያየሁት አፍንጫዬን ሊነካኝ ሲል ነው። በይ እሜቴን ተቀበይልኝ። ከባቡር ጣቢያው ጀምረው ጀልባህ ዓሣ ዓሣ ይላል ይሉኛል።»

«ይላል እኮ» አሉ ኮንቴሳ ኤርሚኒያ።

«ጀልባው አይደለም እሜቴ፤ ቬኒስ ናት።»

ኒቬስ ለኮንቴሳዋ እጇን ሰጥታ አወረደቻቸው። ኦታቪዮ ሳይወርድ ቆየ፤ የሥዕል አጃቢ ከሣጥኑ በፊት ጀልባ አይለቅም፣ የሙያው ሕግ ነው። አይኑ ግን ቀድሞት ወርዷል። አይኗን ፈለገ። እሷ ሣጥኑን አየች፣ ብሎኖቹን ቆጠረች፣ የገመዱን ቋጠሮ መረመረች፣ ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ቀና አለች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሲኞር አልቤንጊ።»

«መጡ?» አለ ኦታቪዮ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንተና አንቺ ሲባባሉ ኖረዋል።

«መንገዱ አስቸገረዎት?»

«ኒቬስ... እኔ...» አለና እዚያው ቆመ። ጆሮው ቀላ።

ሣጥኑ ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጣ። ኒቬስ የርክክብ ቅጹን አውጥታ ጻፈች፤ ገባ፦ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። ይከፈታል፦ አርብ ዘጠኝ ሰዓት። ብርድ ጠጥቶ የመጣ ሥዕል ሙቀት ያለው ክፍል ውስጥ ድንገት ከተከፈተ ሸራው ይደነግጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ትንፋሹን እስኪሰበስብ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዘግቶ ያርፋል።

ኦታቪዮ ቅጹን አነበበው። «በአምስት ሰዓት... እኔ እኮ በአምስት ሰዓት የሚከፈት መስሎኝ ነበር።»

«በአምስት ቢገባ በአምስት ይከፈት ነበር።»

«የምትከፍቺው አንቺ ነሽ አይደል? በገዛ እጅሽ?»

«ሥራዬ ነው» አለችው። ይህን ብላ ፊቷን አዞረች።

ኮንቴሳ ኤርሚኒያ በዚህ መሃል አዳራሹን እየዞሩ ነበር። የሞራቲን አሥር ፊቶች ለአውደ ርዕዩ ከየሙዚየማቸው ተሰብስበው በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ከሊዮን የመጣው ወፍራም ቄስ፣ ከቪየና የመጣችው ጥርስ የሌላት ሞግዚት፣ ሌሎቹም። በመጨረሻው ግድግዳ ባለሪባኗ ሙሽራ ብቻዋን ነበረች። በግራ ተሰቅላለች። በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ኮንቴሳዋ ባዶውን ቦታ በዱላቸው እያመለከቱ።

«የባለጓንቱ ቦታ ነው፣ እሜቴ።»

«በቀኝ? ከሴት በታች? የባሌ ቅድመ አያት ናቸው እኮ! ጓንታቸውን አላየሽም? እንዲህ ያለ ጓንት የሚይዝ ሰው የሚስት ቦታ ላይ ይሰቀላል?»

«ሪባኑ ነው እንደዚያ የሚለው፣ እሜቴ። እኔ አይደለሁም። ሙሽራዋ ከትልቅ ቤት ነበረች፤ እሱን ተቀብላው ነው። ሠዓሊው ይህን ያውቃል፤ እሷን በክብሩ ቦታ አድርጎ ነው የቀባት።»

«ሪባን!» አሉ ኮንቴሳዋ። ቀጥሎ ኒቬስን ከሽርጧ እስከ ጫማዋ ቀስ ብለው አዩዋት። «በእኛ ቤት፣ ልጄ፣ ሰው ቦታውን ያውቃል። ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማንን እንደሚያገባ። ኦታቪዮም ያውቃል። ይኸው ቆሟል፤ ጠይቂው።»

ኒቬስ አልጠየቀችውም። ግን አየችው። ዙሪያውን ያሉት ፊቶች ሁሉ አብረው ያዩት መሰላት። ኦታቪዮ አፉን ከፈተ፤ አንድ ቃል ብቻ ቢወጣው ማድሪድ ይቀር ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው።

«እንግዲህ ነገ በዘጠኝ ሰዓት» አለች ኒቬስ፣ እርሳሷን ኪሷ ከትታ። ደረጃውን ስትወርድ ዝምታው መልስ እንደሆነ ለራሷ ነገረችው። ሦስት ሳምንት የጠበቀችው መልስ በመጨረሻ መጣ፤ ባዶ ነው።

ያን ምሽት ጁዴካ ደሴት ላይ ባለው ቤታቸው፣ አባትና ልጅ በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሰርዲን ይዘው ተቀመጡ። ኦሬስቴ ፖለንታውን፣ የረጋውን የበቆሎ ገንፎ፣ በክር እየቆረጠ ልጁን በጎን ያያታል። ኒቬስ አንዱን ዓሣ ሦስት ጊዜ አገላበጠችው።

«ማድሪድ ውሃ አለው?» አላት።

«ወንዝ አለ ይላሉ።»

«ወንዝ!» አለ ኦሬስቴ፣ የሰው ድህነት እንደተነገረው ሁሉ። «ወዲያ ሲሄድ የሚውል ውሃ። ሲመለስ አታይውም።»

«አባዬ፣ አትቀልድ።»

«እኔ አልቀለድኩም። ሂጂ ብትዪኝ ሻንጣሽን እኔው ነኝ የምሸከመው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ሥዕል አመላልሻለሁ፤ አጃቢ የሚባል ፍጡር አውቃለሁ። ያጨሳሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ። ይኼ ልጅ ዛሬ አራት ሰዓት ሙሉ ክዳኑን እንዲህ በመዳፉ ይዞ ነው የመጣው። ጉሙ ሲጠናብን ‹ሲኞር ኦሬስቴ፣ ካልደረስን ምን እሆናለሁ?› አለኝ። ካልደረስን ምን ይሆናል ሥዕሉ አላለም። ምን እሆናለሁ ነው ያለኝ።»

«ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።»

«እሺ» አለ ኦሬስቴ። «ብዪ እንግዲህ፤ ዓሣው ምን በደለሽ።»

በላች። አባቷን ትወደዋለች፤ ያን ምሽት ግን እንዲህ ያለውን ተስፋ ባያነሳባት ይሻላት ነበር። እንደገና መጠበቅ ጀመረችና ራሷን ታዘበችው።

አርብ ጉሙ ተገፈፈ። ኦታቪዮ ሙዚየሙ ሲከፈት ቀድሞ ገብቶ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ኒቬስ ደግሞ ምክንያት ፈልጋ ታችኛው ክፍል ዋለች። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ዴልፊና ትኬቷን ጥላ ወደ አዳራሹ ወጣች። ዝም ማለት አልሆነላትም።

«እንግዲህ ደህና ሁኚ በላት» አለችው።

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል! ኒቬስን ነዋ። በስድስት ሰዓት ለማድሪድ እሺ ልትል ነው። ሦስት ዓመት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማን ያውቃል፣ እዚያ የሚናገር ወንድ አይጠፋም።»

ኒቬስ መብራት ልታስተካክል ስትገባ ያየችው ነገር ባለችበት አቆማት። ኦታቪዮ ከሣጥኑ ፊት ተንበርክኳል። በእጁ ካቻቢቴ ይዟል። ጫፉ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ልከፍተው ነው።»

«ገና ሦስት ሰዓት ከምናምን ይቀረዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ይላጣል! ግንባሩ ላይ ያለችውን ቀለም በመርፌ ጫፍ ነው መልሼ ያጣበቅኳት። ስምንት ቀን ፈጅታብኛለች፤ አጠገቤ ቆመው አይተዋል።»

«ኒቬስ፣ ግድ የለሽም፣ እኔ—»

«ግድ አለኝ እንጂ!» አለችና ሄዳ ጀርባዋን ሣጥኑ ላይ አስደግፋ ቆመች። «ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው እኔ ጋ መጥቶ አይሞትም። ሊከፍቱት ከፈለጉ መጀመሪያ እኔን ከዚህ ያንሱኝ።»

ኦታቪዮ ካቻቢቴውን አየው። ከዚያ ተነስቶ በመዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«እኔም አልቻልኩም» አለ። «ሩብ ሰዓት ሙሉ ይዤው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ሌላ ወንድ ቢሆን በፍቅር ስም ይከፍተው ነበር፤ አንዳንዷም ትደሰት ይሆናል። ኒቬስ ግን ንዴቷ የከዳት ይህን ሲላት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት አልተማረችም።

«ለምንድን ነው የቸኮሉት?»

«ውስጡ ደብዳቤ አለ። ከክዳኑ ሥር። አርባ አራተኛው።» ላቡን ጠረገ። «በፖስታ ልልከው አልፈለግኩም። ፖስተኛ አይንካው፣ ያገናኘን ባለጓንቱ ይዞላት ይሂድ፣ እሷም በገዛ እጇ ከፍታ ታግኘው ብዬ... በአምስት ሰዓት ይደርሳል፣ ዛሬ በአምስት ሰዓት ይከፈታል ብዬ ነበር። ጉሙን አላሰብኩትም።»

«ሦስት ሳምንት!» አለች ኒቬስ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ምስኪን ፖስተኛ ሰላምታ ነሳሁት። ሰውየው ምን በደለኝ? ምን ይላል ደብዳቤው?»

«ጽፌዋለሁ እኮ...»

«አየህ፣ ሣጥኑ ተዘግቷል። በአፍህ በለው።»

አየህ አለችው። እርስዎው የት እንደገባ አልታወቀም። ሁለቱም ሰሙት።

ኦታቪዮ አፉን ከፈተ። ትናንት የሆነው ሁሉ ዛሬም ሊሆን ነው። የአዳራሹ ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ኒቬስ ጭንቀቱን አየችና አሳዘናት፤ ደግሞም ራሷ ቸኩላለች። ከጠረጴዛው ላይ ያልተጻፈበት የርክክብ ቅጽ አነሳች፣ እርሳሷን ላሰችና ወንበር ሳበች።

«እንግዲያው እንደ ሥራችን እናድርገው። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ዕቃው ምንድን ነው?»

ኦታቪዮ አያት። ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ትንፋሹ ተመለሰ።

«አንድ ሰው።»

«ዕድሜው?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«የመጣው ከየት ነው?»

«ከቤርጋሞ። ብዙ ክፍል ካለው ቤት። አብዛኛው ክፍል አይሞቅም።»

«ጠቅላላ ይዞታ?»

«ከሩቅ ሲያዩት ደህና። ከቅርብ ሲያዩት እርጥበት ገብቶበታል።»

«ጉዳት?»

«ፈሪ ነው። ትናንት እናቱ ስትናገር ዝም አለ። ሌሊቱን ሙሉ መልሱን ሲያዘጋጅ አደረ፤ ሲነጋ ጠፋበት።»

ኒቬስ ጻፈች። ጽሕፈቷ የሕፃን መሰለ። «ከዚህ በፊት የተደረገለት ጥገና?»

«አንድ ብቻ። የዛሬ ሁለት ዓመት። አንዲት ሴት የታጠፈ ጠርዙን ዘረጋችው። ከዚያ ወዲህ መልሶ መታጠፍ አቅቶታል።»

እርሳሷ ቆመ።

«የብሬሻዋ ልጅስ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«የጠበቃው ልጅ? እናቴ ምሳ ጠርታቸው ነበር። ልጅቷ ግን ይዛ የመጣችው እጮኛዋን ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም። እናቴ ሳምንት ሙሉ ራሷን አመማት።»

ኒቬስ ሳቋ አመለጣት። «ቀለበቱስ? ወርቅ ሠሪ ቤት የታየው?»

የኦታቪዮ ጆሮ ተቀጣጠለ። «ላስጠብበው ወስጄው ነው። አያቴ ትልቅ ሴት ነበሩ። ያንቺ ጣት ቀጭን ነው። ቤርጋሞ የረሳሽውን የጥጥ ጓንት ይዤ ሄጄ ነው ያስለካሁት።»

ቅጹ ላይ አንድ ክፍት መስመር ቀርቶ ነበር። ኒቬስ ድምጿን አስተካክላ ጠየቀች። «አቀማመጥን በተመለከተ ማሳሰቢያ አለ?»

«አለ። ብቻውን እንዳይሰቀል» አለ ኦታቪዮ። ቀጥሎ የመጣው ከቅጹ ውጭ ነበር። «ኒቬስ፣ እወድሻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ፤ ቨርኒሹ ሰበብ ነው። ክብሩ ቦታ ያንቺ ይሁን፤ እኔን አጠገብሽ አድርጊኝ። አግቢኝ።»

«ኦታቪዮ!»

ኮንቴሳ ኤርሚኒያ በር ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ኦሬስቴ ባዶ ሣጥኖች ሊወስድ ገመዱን በትከሻው ጥሎ መጥቶ ነበር፤ የሆነውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ። ምን ያህል እንደሰሙ አይታወቅም፤ የበቃቸውን ያህል ሰምተዋል።

«እናቴ» አለ ኦታቪዮ። ድምፁ በዚህ ጊዜ አልተቋረጠም። «ትናንት ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። እሺ ካለችኝ ይህችን ሴት አገባለሁ። እርስዎ ቢመርቁን ደስ ይለኛል። ባይመርቁንም አገባታለሁ።»

ኮንቴሳዋ ልጃቸውን በደንብ አዩት፤ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምተውት አያውቁም። ከዚያ ወደ ኒቬስ ዞሩ።

«ትልቅ ሥራ አግኝተሻል አሉ፣ ማድሪድ። ለእሱ ብለሽ ልትቀሪ ነው?»

«ለእሱ ብዬ አይደለም የምቀረው፣ እሜቴ» አለች ኒቬስ። «ሥራዬም እዚህ ነው፣ አባቴም፣ ሞራቲንም። ልሄድ የነበረው ግን በእሱ ምክንያት ነው።»

ኮንቴሳዋ ቀስ ብለው ሄደው ከባለሪባኗ ሙሽራ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሪባኑን እስከ ጠርዙ ተከትለው አዩት።

«ያን ጠርዝ ያጠፈው የባሌ አባት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሪባኑ ያሳፍረው ነበር። አውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ የሐር ፈታይ ልጅ ነኝ፤ በዚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ስኖር የት መቀመጥ እንዳለብኝ ያልነገሩኝ ቀን የለም። ሲነግሩኝ ሲነግሩኝ፣ እኔም ለሰው መንገር ጀመርኩ።»

የረዳቸው ኦሬስቴ ነው። «እሜቴ፣ ጀልባዬ ላይ የት እንደሚቀመጡ ማንም አልነገረዎትም። ራስዎ ነዎት ባልዲውን የመረጡት።»

ኮንቴሳዋ ቆጣ ሊሉ አሰቡና ተዉት። «ሙሽራዋ እዚያው ትሁን» አሉ ለኒቬስ፤ «በግራ።»

ከታች የዴልፊና ጩኸት መጣ። «ኒቬስ! ስድስት ሊሆን ነው! ማድሪድ ልደውልልሽ ወይስ ማድሪድ ይቅር?»

ኒቬስ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ስልኩ አጭር ነበር። አመሰገነች፣ አዝናለሁ አለች፣ ግን ድምጿ ከአፍ እስከ ገደፉ ደስታ ሞልቶት ስለነበር ማድሪድ ያለው ሰውዬም ሳይገባው «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ዴልፊና ይህን ሁሉ በመስኮቱ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች፤ መሐረብ ብቻ ፈለገች።

ስትመለስ ኦታቪዮ ትታው በሄደችበት ቦታ፣ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል።

ኒቬስ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ቅጹን አነሳችና ከታች፣ አስረካቢ የሚለው ላይ እንዲፈርም ሰጠችው። ፈረመ። ተቀብላው፣ ተረካቢ ከሚለው ጎን ስሟን አስተካክላ ጻፈች። የጻፈችውን ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ከነጉድለቱ ተረክቤያለሁ። ኒቬስ ባልዳን።»

ኦታቪዮ ሳቀ፣ ወይም አለቀሰ፤ ከሩቅ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። እጇን ያዘ። የእሷ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፣ የእሱ ላብ ያጠመቀው፤ ሁለቱም አልለቀቁም። ኦሬስቴ ገመዱን እያስተካከለ ምንም እንዳላየ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ ኮንቴሳዋ ግን በግልጽ እያዩዋቸው ነበር፣ ፊታቸውንም አላዞሩም።

ሣጥኑ እስኪከፈት ገና ሦስት ሰዓት ነበረው። ኒቬስ ከኦታቪዮ አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ሣጥኑ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ሌላ ስም የለውም፣ ደስ አላት። ስንት ሳምንት ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ሰዓቱ ቢዘገይም ግድ አልነበራትም።